ብልሽቱን ሳናገኝ ዕቃ አንለውጥ

አበው ሲተርቱ «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። ይህ ተረት በየስብሰባው አዳራሽና በየሪፖርቱ መግቢያ ሳይጠቀስ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። ነገር ግን የሚጠቅሱትን ያህል የሚሠሩበት ብዙዎች አይደሉም። አንድ ሥራ ሲሰናከል የተሰናከለበትን ምክንያት ከመመርመር ይልቅ ቶሎ ብሎ አንድ ነገር መለወጥ፥ የተለወጠው ባይረዳ ሌላ መለወጥ፥ እሱም ባይሆን «ዕቃው ራሱ አርጅቷል» ብሎ መተው የተለመደ ጠባይ ሆኗል። የዛሬው ጽሑፌ ዓላማ ይህ ጠባይ የሚያመጣውን ጉዳት በሚታይና በሚዳሰስ ነገር ለማስረዳት ነው። ለምሳሌ የመረጥሁትም የአሮጌ የእርሻ ትራክተር የእሳት አከፋፋይ፥ ማለት ዲስትሪቢዩተር የሚባለው መሣሪያ ነው።

አንዳንድ አንባቢ «ለተማሪና ለመሥሪያ ቤት ሠራተኛ የትራክተር ነገር ምን ይረባዋል?» ይል ይሆናል። መልሱ አጭር ነው። ሞተር ይሉኝታ አያውቅም። ለአለቃ አያጎነብስም፥ ዲግሪ አይቶ አይነሣም፥ በመልካም ንግግርም አይደለልም። የቆመበት ምክንያት ከተገኘለት ይነሣል፤ ካልተገኘለት ግን የአገር ሹም ቢቆጣውም ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ የአስተሳሰባችንን ትክክለኛነት ለመፈተን ከሞተር የበለጠ የማያዳላ ዳኛ ማግኘት ያስቸግራል። በዩኒቨርሲቲ የተማርነው የምርምር ሥርዓት በወረቀት ላይ የቀረ መሆን አለመሆኑም እዚያ ይታወቃል።

ፎርድ 8ኤን የሚባለው ትራክተር በአሜሪካ አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1947 እስከ 1952 ዓ.ም. የተሠራ ነው። የትውልዱ ታሪክ ራሱ የሚያስገርም ነው። ሄንሪ ፎርድና የአየርላንድ ተወላጅ የሆነው ሃሪ ፈርጉሰን በ1938 ዓ.ም. ያለ ጽሑፍ ውል፥ እጅ በመጨባበጥ ብቻ ተስማምተው በሚከተለው ዓመት 9ኤን የተባለውን ትራክተር አወጡ። ኋላ የፎርድ የልጅ ልጅ ኩባንያውን ሲይዝ ስምምነቱ ስለ ፈረሰ ኩባንያው 8ኤንን ለብቻው ሠራ። ፈርጉሰንም ክስ አቀረበና ክርክሩ በ1952 ዓ.ም. 9 ሚሊዮን 250 ሺህ ዶላር እንዲከፈለው በመስማማት አለቀ። በእነዚያ ጥቂት ዓመታት ከ500 ሺህ በላይ 8ኤን ትራክተሮች ተሠርተዋል። ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ዛሬም በአሜሪካ ትንንሽ እርሻዎች ሣር ሲያጭዱና ጋሪ ሲጎትቱ የሚታዩ ብዙዎች ናቸው። ለዚህ ዕድሜ ያበቃቸው የብረቱ ጥንካሬ ብቻ አይመስለኝም። ብልሽቱን ባለቤቱ ራሱ ፈልጎ ሊያገኘው በሚችል አኳኋን መሠራታቸውም ነው።

የዚህ ትራክተር ሞተር አራት ሲሊንደርና 2 ሊትር ያህል ይዘት ያለው ሲሆን የሚሠራው በቤንዚን ነው። ቤንዚንና አየር ተቀላቅለው በሲሊንደሩ ውስጥ ከታመቁ በኋላ እንዲቀጣጠሉ በተወሰነው ቅጽበት የእሳት ብልጭታ ያስፈልጋቸዋል። ከፋብሪካ ሲወጣ የተሰጠው ባትሪ ግን 6 ቮልት ብቻ ነው። 6 ቮልት በካንዴላው ጫፎች መካከል ያለውን ክፍተት ዘሎ እሳት ሊጭር አይችልም፤ ለዚህ ብዙ ሺህ ቮልት ያስፈልጋል። ይህን ችግር ለመፍታት አሜሪካዊው መሐንዲስ ቻርልስ ኬተሪንግ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1910 ዓ.ም. ገደማ ለካዲላክ አውቶሞቢል ያዘጋጀው ዘዴ ከዚያ ወዲህ ከግማሽ ምእተ ዓመት በላይ የአብዛኞቹ የቤንዚን ሞተሮች መሠረት ሆኖ ኖሯል።

ዘዴው እንዲህ ነው። ከባትሪው የሚመጣው ኤሌክትሪክ ኮይል በሚባለው ዕቃ ውስጥ ባለው ወፍራም የሽቦ ጥምጥም ያልፋል። ከዚያም ፑንቲና በሚባሉት ሁለት ትንንሽ የብረት ከንፈሮች በኩል ወደ ትራክተሩ አካል ይደርሳል። ፑንቲናዎቹ ገጥመው ሳሉ ኮይሉ እንደ ማግኔት ይሆናል። በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የሚዞረው ባለ አራት ጉብታ ዘንግ ፑንቲናዎቹን ድንገት ሲያላቅቃቸው የማግኔቱ ኃይል በቅጽበት ይፈርስና ብዙ ጊዜ በተጠመጠመው በሌላው ቀጭን ሽቦ ውስጥ ከፍተኛ ቮልት ይፈጥራል። ይህም ኃይል ሮተር በተባለው ተሽከርካሪ ጣት አማካይነት ተራው ለደረሰው ካንዴላ ይታደላል። ተራውም በዚህ ትራክተር 1፥ 2፥ 4፥ 3 ነው። ኮንደንሰር የተባለችው ትንሽ ቆርቆሮ ደግሞ ፑንቲናዎቹ ሲላቀቁ በመካከላቸው እሳት እንዳይነድና የማግኔቱም መፍረስ ፈጣን እንዲሆን ታደርጋለች።

ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር ፑንቲናዎቹ በደቂቃ 4,000 ጊዜ፥ በሰዓት 240,000 ጊዜ ተከፍተው ይዘጋሉ። ዲስትሪቢዩተሩ ከሞተሩ ፊት ባለበት 8ኤን በፑንቲናዎቹ መካከል ሊኖር የሚገባው ክፍተት 0.015 ኢንች፥ ማለት 0.38 ሚሊሜትር ያህል ነው። በ1950 ዓ.ም. ዲስትሪቢዩተሩ ወደ ጎን ከተዛወረ በኋላ ለተሠሩት ደግሞ 0.025 ኢንች፥ ማለት 0.64 ሚሊሜትር ያህል ነው። በፊተኛው ዓይነት የትልቁ ብረት መሄድና መቆም የተንጠለጠለው እንግዲህ የአንድ የስም ካርድ ውፍረት በሚያህል ክፍተት ላይ ነው።

አሁን የሥራው ወራት ደርሶ ሳለ አንድ ገበሬ ጧት ቁልፉን ቢያዞር ትራክተሩ እምቢ አለው እንበል። የቸኮለ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ካርቡሬተሩን መፍታት ነው። አጽድቶ ሲመልሰው ትራክተሩ አሁንም እምቢ ይላል። ከዚያ አራት አዲስ ካንዴላ፥ ቀጥሎ አዲስ ኮይል፥ ቀጥሎ አዲስ ባትሪ ይገዛል። በመጨረሻ ሞተሩ ቢነሣለት እንኳ ከአራቱ ሥራ በየትኛው እንደ ተነሣ አያውቅም። ስለዚህ በሚመጣው ዓመት ያው ብልሽት ሲመለስ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ከዚህም በላይ ደኅና የነበረውን ካርቡሬተር ሲፈታ ሌላ ብልሽት ጨምሮበት ሊሆን ይችላል። «ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ» ማለት ይህ ነው።

አስተዋይ ሰው ግን ከመፍታቱ በፊት ይጠይቃል። ትራክተሩ ትናንት የቆመው እንዴት ነበር? ቁልፍ እንደ ተዘጋበት ሁሉ ድንገት ቀጥ ብሎ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ኤሌክትሪኩ ያዘነብላል። እያሳለና እየተንገዳገደ ቀስ በቀስ ከሆነ ወደ ነዳጁ ያዘነብላል። ይህ ገና ጥርጣሬ እንጂ ፍርድ አይደለም። ስለዚህ በአንድ ቀላል ፈተና ያጣራዋል። ይኸውም የአንዱን ካንዴላ ገመድ ነቅሎ፥ እጁን እንዳይነዝረው እጀታው በላስቲክ በተሸፈነ ፒንሳ ይዞ፥ የፈሰሰ ቤንዚን አለመኖሩን አረጋግጦ፥ የገመዱን ጫፍ ከሞተሩ ብረት ወደ 6 ሚሊሜትር ያርቅና ረዳቱ ሞተሩን እንዲያዞር ያደርጋል። ሰማያዊና ብርቱ ብልጭታ ጧ ጧ እያለ ከዘለለ እስከዚያ ድረስ ያለው መሥመር ደኅና ነው። ቢጫና ቀጭን ቢሆን ወይም ጭራሹን ባይታይ ጉድለቱ ከዚያ ወደ ኋላ ነው። በዚህች አንዲት ፈተና ሥራው ለሁለት ተከፈለ፤ የትራክተሩን ግማሽ መንካት አላስፈለገም።

ብልጭታ ከሌለ ፍለጋው ከባትሪው ይጀምራል። የገመዶቹ ማሰሪያ ዝጎ ወይም ላልቶ እንደሆነ ይታያል፤ 6 ቮልት ትንሽ ኃይል በመሆኑ በዛገ ማሰሪያ ወይም ለ12 ቮልት በተሠራ ቀጭን ገመድ ማለፍ ያስቸግረዋልና። ቀጥሎ የቮልት መለኪያ ይዞ ወደ ኮይሉ መሄድ ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በዚህ ትራክተር ከአካሉ ጋር የታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ነው፤ በዛሬዎቹ መኪናዎች ግን ኔጋቲቩ ነው። በሌላ መኪና የለመደ ሰው የዚህን ትራክተር መመሪያ ሳያነብ እንደ ልማዱ ቢያስር ሞተሩ ሊነሣለት ይችላል። ነገር ግን ብልጭታው ይደክማል፥ ባትሪውን የሚሞላውም ክፍል ሊጎዳ ይችላል። ከሌላ ስፍራ የተማሩትን ሥርዓት ይዞ መምጣት ነውር የለበትም፤ የመጡበትን ስፍራ ሥርዓት ሳይጠይቁ እጅን ማስገባት ግን ጥፋት ነው።

ዲስትሪቢዩተሩ ከፊት በሆነው 8ኤን መለኪያው በኮይሉ ራስና በትራክተሩ አካል መካከል ተይዞ ሞተሩ በቀስታ በእጅ ሲዞር አራት ዓይነት መልስ ሊሰጥ ይችላል። ፑንቲናዎቹ ሲከፈቱ ሙሉውን የባትሪ ቮልት፥ ሲዘጉ ግን ዝቅ ያለውን ካሳየ ይህ ክፍል ደኅና ነው። ዝቅ የሚለውም በሚዘጉበት ጊዜ ኤሌክትሪኩ በመንገዱ ላይ በተቀመጠው ሬዚስተር ስለሚያልፍ ነው። ሲዘጉም ሲከፈቱም ሙሉ ቮልት ካሳየ ፑንቲናዎቹ ኤሌክትሪክ አላሳልፍ ብለዋል። ሲዘጉም ሲከፈቱም ዝቅ እንዳለ ከቀረ ኤሌክትሪኩ ፑንቲናዎቹን ሳይጠብቅ በሌላ ስፍራ ከአካሉ ጋር ተነካክቷል። ጨርሶ ምንም ካላሳየ አብዛኛውን ጊዜ ከባትሪው እስከ ኮይሉ ባለው መንገድ አንድ ስፍራ ተቋርጧል። እንዲህ በማድረግ ለዕቃ መግዣ አንድ ሳንቲም ሳይወጣ ብልሽቱ ያለበት መንደር ታወቀ ማለት ነው።

ለወራት ቆሞ በከረመ ትራክተር አስቀድሞ የሚጠረጠረው የፑንቲናው ፊት ነው። ዓይን በቀላሉ የማያየው ስስ ዝገት ይሸፍነዋል። መድኃኒቱም በደቃቅ ሞረድ በቀስታ ማሸት፥ ከዚያ ንጹሕ የስም ካርድ በመካከላቸው አስገብቶ በመሳብ ትራፊውን ማጽዳት ነው። አዲስ ፑንቲና እንኳ በፋብሪካ የተቀባው መከላከያ ቅባት ወይም የሰው እጅ ቅባት ካልተጠረገለት ኤሌክትሪክ ላያሳልፍ ይችላል። ይህን የማያውቅ ሰው አዲሱን ገዝቶ ካስገባ በኋላ «አዲሱም አልሠራም፤ እንግዲህ ብልሽቱ ከፑንቲናው አይደለም» ብሎ ይፈርዳል። ይህ ፍርድ ከዕቃው ዋጋ የበለጠ ኪሳራ ያመጣል፤ ፈላጊውን ከትክክለኛው ስፍራ አርቆ ስለሚወስደው ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሰውን የሚያታልለው ሲሞቅ ብቻ የሚመጣው ብልሽት ነው። ትራክተሩ ጧት በደኅና ይነሣል፤ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ከሠራ በኋላ ድንገት ይቆማል። ባለቤቱ ለምሳ ሄዶ ሲመለስ እንደገና ይነሣል። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ኮይሉ ወይም ኮንደንሰሩ ነው። በውስጣቸው ያለው መከላከያ ሲሞቅ ይከዳቸዋል፤ ሲቀዘቅዙ ይመለስላቸዋል። እንዲህ ያለውን ብልሽት በማለዳ መርምሮ «ምንም የለበትም» ማለት ቀላል ነው። እውነቱ የሚገኘው ትራክተሩ እስኪቆም ድረስ አሠርቶ፥ በቆመበት ቅጽበት፥ ገና እንደ ጋለ ብልጭታውን በመፈተን ነው።

ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ ይህን ነጥብ ልብ እንዲለው እወዳለሁ። አንድ ሹም አንድን የሥራ ክፍል ሊጎበኝ ሲሄድ መምጣቱ አስቀድሞ ይነገራል፥ ግቢው ይጠረጋል፥ መዝገቡ ይስተካከላል፥ ባለጉዳዩም በዚያ ቀን ቶሎ ይስተናገዳል። ጎብኚው ያየው ሞተሩን በቀዝቃዛው ጧት ነው። ሕዝቡ የሚያማርረው ግን በወሩ መጨረሻ፥ ሰልፉ ረዝሞ፥ ማኅተም ያዡ ሳይገባ፥ ኮምፒዩተሩም ተቋርጦ ባለበት ሰዓት ስለሚሆነው ነው። ስለዚህ ጎብኚው «ሁሉም በደኅና ይሠራል» ብሎ ሪፖርት ሲጽፍ ዋሽቶ ላይሆን ይችላል፤ ሆኖም ብልሽቱ በሚታይበት ሰዓት አልተገኘም።

ሌላው ብልሽት የዘንጉ መላላት ነው። የዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ የሚዞርበት ማቀፊያ በዘመን ብዛት ይበላና ዘንጉ ወዲያና ወዲህ መወዛወዝ ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ባለቤቱ የፑንቲናውን ክፍተት በልክ ቢያስተካክልም በአንዱ ጉብታ ላይ ልኩ ሆኖ በሌላው ይጠባል ወይም ይሰፋል። ነገ ያስተካክለዋል፥ ከነገ ወዲያም ያስተካክለዋል፤ ሞተሩ ግን እየተንተፋተፈ ይቀጥላል። መፍትሔው ክፍተቱን በአራቱም ጉብታ ላይ መለካትና ዘንጉን በጣት ይዞ ወደ ጎን መነቅነቅ ነው። ከተነቃነቀ የሚለወጠው ማቀፊያው ነው። መመሪያ በመመሪያ ላይ፥ ሰርኩላር በሰርኩላር ላይ የሚያወጡ መሥሪያ ቤቶችን ባየሁ ቁጥር ይህ ዘንግ ትዝ ይለኛል። ሥልጣኑና ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ ሳይወሰን፥ ማለት ዘንጉ ራሱ እየተወዛወዘ ሳለ፥ የፑንቲናውን ክፍተት በየሳምንቱ ማስተካከል ድካም ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የፊተኛው ዲስትሪቢዩተር በሁለት ብሎን ብቻ የታሰረ ስለሆነ ብዙዎች አውጥተው በጠረጴዛ ላይ ይሠሩታል። ሲመለስ ግን ከሞተሩ ጋር የሚያያዝበት ጥርስ መካከሉን ስቶ ወደ አንድ ጎን ያደላ በመሆኑ በአንድ አኳኋን ብቻ ይገባል። ጥርሱ ሳይገጥም በብሎኑ ኃይል ጠብቆ ለማስገባት የሞከረ ሰው የዲስትሪቢዩተሩን ጆሮ ይሰብረዋል። ትክክለኛው ሥራ ዘንጉን በጣት ቀስ አድርጎ እያዞሩ ጥርሱ ራሱ ቦታውን እስኪያገኝ መጠበቅ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ለቤት እመቤት ብቻ አይደለም።

ለዚህ ሐሳብ ሦስት ዓይነት ተቃውሞ ሊቀርብ እንደሚችል አውቃለሁ። አንደኛው «ፑንቲናና ኮንደንሰር ዋጋቸው ትንሽ ነው፤ ለምርመራ ጊዜ ከማጥፋት ሁሉንም በአንድነት መለወጥ ይሻላል» የሚል ነው። በቅን ልቡና ለሚያስብ ሰው ይህ ተቃውሞ ዋጋ አለው። ዕድሜው የደረሰውን ዕቃ በጊዜው መለወጥ መልካም ጥበቃ ነው። ነገር ግን ጥበቃና ብልሽት ፍለጋ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ለጥበቃ ብዙ ነገር በአንድ ቀን መለወጥ ይቻላል። ብልሽት በሚፈለግበት ጊዜ ግን አንድ ነገር ለውጦ ውጤቱን ማየት፥ ካልረዳም የቀድሞውን መልሶ ሌላውን መመርመር ያስፈልጋል። አለዚያ ከሥራው ምንም ትምህርት አይገኝም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ዛሬ ፑንቲናን የሚተካ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ አለ» የሚል ነው። እውነት ነው፥ ለእነዚህ አሮጌ ትራክተሮች ሳይቀር ይሸጣል፤ ብዙዎችም ተጠቅመውበታል። ሆኖም መሣሪያውን የሚገዛው ሰው ትራክተሩ 6 ቮልት ይሁን 12 ቮልት፥ ከአካሉ ጋር የታሰረውም ፖዘቲቩ ይሁን ኔጋቲቩ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ካላወቀ አዲሱን ዕቃ በመጀመሪያው ቀን ያቃጥለዋል። የዛገ የባትሪ ማሰሪያንም ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ አያጸዳውም። ትራክተሩን ከ6 ወደ 12 ቮልት ለውጠው ለኮይሉ የሚገባውን ሬዚስተር ሳይጨምሩ የቀሩ ሰዎችም ኮይላቸው እየጋለ ሲበላሽ አይተዋል።

ሦስተኛው ወደ አገራችን የሚመለከት ነው። በአገራችን እርሻ የሚሠሩት ትራክተሮች አብዛኞቹ በናፍጣ የሚሄዱ በመሆናቸው ዲስትሪቢዩተር የላቸውም፤ በናፍጣ ሞተር ነዳጁ የሚቀጣጠለው በታመቀው አየር ሙቀት ነው። ከፑንቲና ጋር የሚተዋወቁት አሮጌዎቹን ላዳ ታክሲዎችና ፎልስዋገኖች ሲጠግኑ የኖሩት መካኒኮቻችን ናቸው። ከዚህም በላይ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ወሰነ የኤሌክትሪክ መኪና በከተማችን እየበዛ ሄዷል። «እንግዲህ የፑንቲና ትምህርት ጊዜው አላለፈበትምን?» ይባል ይሆናል።

ፑንቲናው ጊዜው ሊያልፍበት ይችላል፤ ሥርዓቱ ግን አያልፍበትም። የኤሌክትሪክ መኪና ሲቆምም ኃይሉ ከባትሪው ተነሥቶ የት ድረስ እንደ ደረሰ መከታተል፥ መሥመሩን ለሁለት ከፍሎ የትኛው ግማሽ ደኅና እንደሆነ መለየት፥ ብልሽቱ በሚመጣበት ሁኔታ መፈተን የግድ ነው። እንዲያውም የአዲሱ መኪና ባትሪ ዋጋው እጅግ ከፍ ያለ ስለሆነ «ሳይመረምሩ መለወጥ» የሚባለው ልማድ ድሮ ካከሰረን ይልቅ ወደ ፊት ያከስረናል። ይህም ሥርዓት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ገበሬያችን በሬው እምቢ ቢለው ወዲያው ገበያ አይነዳውም። ቀንበሩ አንገቱን ልጦት እንደሆነ ያያል፥ ሰኮናውን አንሥቶ እሾህ ይፈልጋል፥ ማታ ምን እንደ በላ ይጠይቃል። እኛ ከእርሱ በኋላ ትምህርት ቤት ገብተን ከዚህ ያነሰ ብልሃት ይዘን ብንወጣ ያሳፍራል።

በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ጎማው ተንፍሶ፥ ሣር በቅሎበት የቆመ መኪናና ማሽን ማየት ለማንም አዲስ ነገር አይደለም። በመዝገቡ ላይ የሚገኘው አንድ ቃል ነው፤ ይኸውም «ተበላሽቷል» የሚል ነው። ምኑ ተበላሸ? ማን መረመረው? በምን ፈተና? የሚል ጥያቄ ቢነሣ መልስ አይገኝም። ከእነዚህ መካከል በእርግጥ ዕድሜያቸው ያለቀ አሉ። ግን የ0.38 ሚሊሜትር ክፍተት የሚያህል ጉድለት ያቆማቸው እንዳሉም እጠረጥራለሁ። ጥርጣሬዬ ልክ መሆን አለመሆኑ ሊታወቅ የሚችለውም በመመርመር ብቻ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን አሳስባለሁ። መጀመሪያ፥ የብልሽት ማስታወቂያ ቅጽ ሦስት ጥያቄ ይኑረው፤ ምን ታየ? ምን ተፈተነ? ምን ተገኘ? እነዚህ ሦስት መሥመሮች ሳይሞሉ የመለዋወጫ ግዢም ሆነ የማስወገድ ውሳኔ አይፈረምበት። ሁለተኛ፥ እያንዳንዱ ማሽን የራሱ ደብተር ይኑረው፤ መቼ ምን እንደ ተለወጠና በምን ምክንያት እንደ ተለወጠ ይጻፍበት። መካኒኩ ጡረታ ሲወጣ ዕውቀቱ አብሮት እንዳይሄድ የሚጠብቅ ይህ ደብተር ነው። ሦስተኛ፥ ተማሪው ከክረምት ዕረፍቱ ጥቂት ሳምንት በአንድ ጋራዥ ያሳልፍ። ካቻቢቴ መያዝ ያዋርደኛል የሚል ካለ ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ በ1900 ዓ.ም. ያወጁትን አዋጅ ያስታውስ። አዋጁ ከወጣ ከአንድ ምእተ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የተዋጋው ንቀት ግን ከተማረው ሰው ልብ ውስጥ ገና ፈጽሞ አልወጣም።

ለወጣቱ ሹም ደግሞ ለብቻው የምለው አለኝ። ሥራ የተሰናከለበት ክፍል በእጅህ ሲገባ የመጀመሪያው ፈተና ሰው የመለወጥ ምኞት ነው። ጸሐፊውን ማዛወር፥ የክፍሉን ስም መቀየር፥ አዲስ ወንበርና አዲስ ማኅተም ማዘዝ ሥራ የተሠራ ያስመስላል። አንተ ግን አስቀድመህ መለኪያህን ያዝ። አንዱን የባለጉዳይ ማመልከቻ ከበሩ ጀምረህ እስከ ፊርማው ድረስ ተከተለው፤ በየት እንደ ተላለፈና በየት እንደ ቆመ በቀንና በሰዓት ጻፍ። የቆመበትን ስፍራ ስታገኝም መጀመሪያ ጥረገው፥ ክፍተቱን ለካው፥ ዘንጉን ነቅንቀው። ምናልባት ጥፋተኛ የመሰለህ ሰው ኃይል ያልደረሰው ደኅና ካንዴላ ሆኖ ታገኘዋለህ። ያን ጊዜ አንድ ቤተሰብ በከንቱ ከመጉላላት፥ መሥሪያ ቤትህም ደኅና ሠራተኛውን ከማጣት ይድናል።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላል። እኛ ጠምጥመናል፤ ዲግሪውን ይዘናል፥ ወንበሩም ተሰጥቶናል። የቀረን ከመለወጥ በፊት መመርመርን መልመድ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ አይደለም፤ አንድ የቮልት መለኪያ፥ አንድ ንጹሕ ካርድ፥ አንድ ደብተር፥ እንዲሁም «ገና አላወቅሁምና ልፈትን» ለማለት የማያፍር አንደበት ይበቃል።